«አሻራ» እና «ዱካ»፦ ስለ ምርት አቅርቦት ስያሜዎች

ሸማቹ የሚገዛው ዕቃ ከማሳ እስከ ገበያ ሲደርስ ከባቢ አየርን የሚያሞቅ ጋዝ ምን ያህል እንዳስወጣ መጠየቅ ከጀመረ ወዲህ፣ ወደ አማርኛ የሚመለሱ የንግድ ውሎችና መመሪያዎች አዳዲስ ስያሜዎችን ይዘው ቀርበዋል። አንዳንዶቹ ፍቻቸው በሚገባ ሳይጣራ በመለመድ ላይ ስለሆኑ ዋና ዋናዎቹን ከዚህ ቀጥሎ እንመረምራለን።

1. ካርቦን። ቃሉ በባዕድነቱ የተለመደ ስለሆነ አቻ መፈለግ አያሻም። በጽሕፈት ቤት ለግልባጭ ማውጫው ወረቀት መጠሪያ መሆኑም አያደናግርም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው መጠን ሲጠቀስ ነው። 12 ግራም ካርቦን ተቃጥሎ ሲያልቅ 44 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። ስለዚህ አንዱን ቶን በሌላው ስም የጻፈ ተርጓሚ ሒሳቡን ከሦስት እጥፍ በላይ ያዛባል። ቁጥር ባለበት ስሙን ማሳጠር አይገባም።

2. ዘላቂ። ቃሉ «ዘለቀ» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን «ዘላቂ ልማት» በሚለው ሐረግ ጸንቷል። ይሁንና «ዘላቂ አቅርቦት» ሲባል አንባቢው የሚረዳው ዕቃው ሳይቋረጥ መቅረቡን ነው። የተፈለገው ግን ምንጩን፣ ይኸውም አፈሩን፣ ደኑንና አምራቹን፣ ሳይጎዳ የሚቀርብ ማለት ነው። ደን ተመንጥሮ የተተከለ ቡና ለብዙ ዓመታት ሳይቋረጥ ሊቀርብ ይችላል፤ በዚህ ፍች ግን ዘላቂ አይባልም። ስለሆነም ቃሉ በውል ውስጥ መጀመሪያ በሚገባበት ቦታ «ምንጩን የማያሟጥጥ» የሚል ማብራሪያ ሊታከልበት ይገባል።

3. አሻራ እና ዱካ። «አሻራ» በመሠረቱ የጣት ምልክት ነው፤ መጻፍ የማይችል ሰው በፊርማ ፈንታ ያኖረዋል። ፍቹ ሰፍቶም ለትውልድ የሚተላለፍ መልካም ሥራን ያመለክታል፤ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር ስያሜ ለዚህ ምስክር ነው። «የካርቦን አሻራ» ግን እንዲቀንስ የሚፈለግ ነገር ነው። አንዱ አሻራ የሚወደስ፣ ሌላው የሚነቀፍ ሆኗል ማለት ነው።

«ዱካ» ተከታትለው ከባለቤቱ የሚደርሱበት ምልክት ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ሕግ፣ ቡናን ጨምሮ ሰባት ምርቶች ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮበት ከሆነ መሬት አለመገኘታቸው የማሳው መገኛ ተጠቅሶ እንዲረጋገጥ ያዛል። ለዚህ ጽንሰ ሐሳብ ከ«ምርት ዱካ» የተሻለ ስያሜ አይገኝም። ስለዚህ «ዱካ»ን ለካርቦንም ብንሰጠው ሁለት ጉዳዮችን በአንድ ቃል እናደባልቃለን።

የእኛ ሐሳብ እንደሚከተለው ነው። «ዱካ» ለምርቱ መነሻና ጉዞ ይወሰን። «የካርቦን አሻራ» በጋዜጣና በሙያ ጽሑፍ ስለተለመደ ይቆይ። ለገበሬው በሚነበብ ሰነድ ግን «ምርቱ ያስወጣው የጋዝ መጠን» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። «አሻራህን አቅርብ» የተባለ ቡና አምራች አውራ ጣቱን ቢዘረጋ ስሕተቱ የተርጓሚው ነው፤ ገበያውን የሚያጣው ግን ገበሬው ነው።