ስድስተኛዋን ጥርስ ቁጠሩ

«ዶክተር፣ የወተት ጥርስ ስለሆነ ነቅለው ይገላግሏት» አሉኝ እናትየዋ። የ8 ዓመቷ ልጃቸው ሁለት ሌሊት አልተኛችም። ጉንጯ አብጧል፤ አፏን ስትከፍት ለማስታገሻ የተደረገላት ቅርንፉድ ይሸታል። የተቦረቦረችው መንጋጋ ግን የወተት ጥርስ አልነበረችም። ብትነቀል ሌላ አይተካትም።

ይህ ስህተት በየጊዜው ያጋጥመኛል፤ በወላጆችም አልፈርድም። የመጀመሪያዋ ቋሚ መንጋጋ ልጅ 6 ዓመት ገደማ ሲሆነው ከወተት ጥርሶቹ በስተኋላ ትበቅላለች። ቦታ የሚለቅላት ጥርስ የለም። የሚነቃነቅ፣ ጣሪያ ላይ የሚወረወር ነገር ስለሌለ ቤተሰቡ መምጣቷን እንኳ አያውቅም።

በማኘኪያ ገጿ ላይ ያሉት ስርጉዶች ጥልቅ ናቸው። እዚያ የተወሸቀ የምግብ ትራፊ ለባክቴሪያ ቀለብ ይሆናል፤ ባክቴሪያው ስኳሩን ወደ አሲድ ይቀይረዋል፣ አሲዱም የጥርሷን ጠንካራ ሽፋን ያሟሟዋል። ምራቅ ፋታ ካገኘ ይህን ጉዳት ቀስ እያለ ይጠግናል። ልጁ ከምሳ በኋላ አንዴ ጣፋጭ ቢበላ ምራቁ ይደርስለታል፤ ከጠዋት እስከ ማታ ከረሜላ ሲመጥ፣ ለስላሳ ሲጎነጭ ከዋለ ግን አይደርስለትም።

ጉዳቱ ሲጀምር ሕመም የለውም። ጥርሱ ላይ ኖራ የመሰለ ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ይታያል። እዚያ ላይ ከተደረሰበት በፍሎራይድ ሊመለስ ይችላል፤ ከተቦረቦረ በኋላ ግን መሞላት አለበት። እኔ ልጆችን ማየት የምፈልገው በነጠብጣቡ ጊዜ ነው። የሚመጡልኝ እንቅልፍ ካጡ በኋላ ነው፤ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

የወይራ መፋቂያን አልንቅም፤ የለመደ ሰው በደንብ ያጸዳበታል። የትንሽ ልጅ እጅ ግን በመፋቂያ እስከ ኋላ መንጋጋ መድረስ ይቸግረዋል፤ ፍሎራይዱም የሚገኘው ከጥርስ ሳሙናው ነው። አተር የምታህል ሳሙና ጠዋትና ማታ ትበቃዋለች፤ የማታው አይዘለል። ሲጨርስ ይትፋው እንጂ በውኃ አይጉመጥመጥ። እስከ 8 ዓመቱ ድረስ ብሩሹን አብራችሁት ያዙ።

የዚያችን ልጅ መንጋጋ ማትረፍ አልቻልኩም። ቋሚ እንደነበረች ስነግራቸው እናትየዋ «ታዲያ ማን ነግሮን?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

6 ዓመት የሞላው ልጅ ቤታችሁ ካለ ዛሬ ማታ አፉን በስልካችሁ መብራት እዩለት። ከፊት መሃል ጀምራችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ፤ ስድስተኛዋ ቋሚ ናት።