አሮጌዋ መኪናችሁና የቤተሰባችሁ ደኅንነት

ብዙዎቻችሁ የምትነዷት መኪና ከመጀመሪያ ልጃችሁ በዕድሜ ትበልጣለች። የሚያሳፍር ነገር አይደለም። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ የሚጣለውን ታክስ ከፍ አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወሰነ። ስለዚህ በእጅ ያለችውን ኮሮላ ወይም ቪትዝ እየጠገኑ መያዝ የብዙ ቤት ዕጣ ሆኗል። የመብራቱንና የውስጥ ክፍሉን ጥቃቅን ጥገና ባልና ሚስት ቅዳሜ ከሰዓት በደጃቸው ሊሠሩት ይችላሉ። የቱን መሥራት፣ የቱንስ አለመንካት እንደሚገባ ማወቅ ግን ያስፈልጋል።

ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ወደ ገጠር አጥቢያዎች ለአገልግሎት የምትወጡ ይህን በተለይ ታውቁታላችሁ። መኪናችሁ ቤተሰብ ብቻ አትጭንም። መዘምራንን ትጭናለች፣ ኪቦርድና የድምፅ ማጉያ ትጭናለች፣ ስትመለስ ደግሞ ከወንድሞች የተሰጠ የበቆሎ ጆንያ ትይዛለች። (በነገራችን ላይ ከጆንያው የፈሰሰውን እህል ጠርጋችሁ አውጡ። እህል አይጥ ይጠራል፤ አይጥ ደግሞ የኤሌክትሪክ ገመድ ይቀረጥፋል።)

መብራት በሌለበት ሥፍራ ጉባኤ ሲደረግ ኢንቨርተር ከመኪናዋ የሲጋራ መለኮሻ ላይ ይሰካል። እስቲ እናስላው። 300 ዋት የሚወስድ ማጉያ ለ12 ቮልት ሲካፈል 25 አምፔር ይመጣል። የመለኮሻው ፊውዝ ግን በብዙ መኪኖች 15 አምፔር ነው። ስለዚህ ይቃጠላል። መቃጠሉ ብልሽት ሳይሆን ሥራው ነው። እንግዲህ ጉባኤው ተጀምሯል፣ ሕዝቡ ይጠብቃል፤ አንድ ቅን ወንድም የማስቲካ ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ ወይም ቁራጭ ሽቦ በፊውዙ ቦታ ሰክቶ ድምፁን ይመልሰዋል። ሁላችንም «ጌታ ይባረክ» እንላለን። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ግን ከዳሽቦርዱ ኋላ ያለው ቀጭን ገመድ ጠባቂ የለውም። ገመዱ ይግላል፣ ልባሱ ይቀልጣል፣ ራቁቱን ከብረት ጋር ሲነካካ እሳት ይነሣል። በዚያን ጊዜ ልጆች ከኋላ ወንበር ተኝተው ሊሆን ይችላል።

ዘዳግም 22፥8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም ከጣሪያው እንዳይወድቅ በዙሪያው መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል። ያ መከታ ለባለቤቱ ብቻ ሳይሆን ለእንግዳውም ነው። ፊውዝም እንዲሁ።

የፊውዝ ልክ በቀለሙ ይታወቃል፦ ቀይ 10፣ ሰማያዊ 15፣ ቢጫ 20፣ አረንጓዴ 30 አምፔር ነው። በተቃጠለው ምትክ ያንኑ ቀለም አስገቡ። ዳግመኛ ከተቃጠለ ሦስተኛ ከመግዛት ይልቅ ምክንያቱን ፈልጉ። በአሮጌ መኪና ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚገኘው በር ሲከፈትና ሲዘጋ ገመዱ በሚተጣጠፍበት፣ ከማጠፊያው አጠገብ ባለው የጎማ ቱቦ ውስጥ ነው። ኢንቨርተሩን ደግሞ በወፍራም ገመድና በራሱ ፊውዝ በቀጥታ ከባትሪው እንዲያያዝ በባለሙያ አስደርጉት። ለጨለማው የገጠር መንገድ ተብሎ በ55 ዋት አምፖል ፋንታ 100 ዋት ማስገባትም ተመሳሳይ ጥፋት ነው፤ ገመዱ ለዚያ አልተሠራም። መጀመሪያ የደበዘዘውን የመብራት መስታወት ወልውሉት።

መብራቷ የሚፈዝ፣ ሞተሪኖዋ የሚያቃስት ከሆነ አዲስ ባትሪ ለመግዛት አትቸኩሉ። ርካሽ ቴስተር ይበቃችኋል። መኪናዋ ቆማ ካደረች በኋላ ባትሪው 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ ወደ ግማሽ ወርዷል። ሞተሩ ተነሥቶ ከ13.8 እስከ 14.4 ካላደረሰ ዲናሞውን ወይም ቺንጋውን ጠርጥሩ። የባትሪው ጫፎች ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካወጡ መጀመሪያ የነጌቲቩን፣ ቀጥሎ የፖዘቲቩን ገመድ ፍቱ፤ ስትመልሱ ነጌቲቩ መጨረሻ ይሁን። ቁልፉ የመኪናዋን ብረት ቢነካ የእሳት ፍንጣሪ እንዳይፈጠር ነው። ቤኪንግ ሶዳ በሙቅ ውሃ በጥብጣችሁ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጉ፤ ውሃው ወደ ባትሪው ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቁ። ከባትሪው ወደ መኪናዋ አካል የሚሄደውንም ገመድ ሥሩ ድረስ ተከተሉት። ፍሬቻ ሲበራ ሌላው መብራት አብሮ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በዚህ ዓይነት የዛገ ማያያዣ ላይ ነው።

የውስጥ ክፍሉ የክረምቱን ጉዳት ይናገራል። የሻጋታ ሽታ ካለ ሽቶ አታንጠልጥሉ፤ ምንጣፉን አንሡ። ሥሩ ያለው ስፖንጅ ውሃ ይዞ ወለሉን ያዝጋል፣ የገመድ መጋጠሚያዎችንም ይበላል። ጸሐይ ላይ አድርቁት፣ ውሃው ከየት እንደገባም ፈልጉ፤ የበር ጎማ ወይም በቅጠል የተደፈነ የውሃ መውረጃ ሊሆን ይችላል። የረገበውን የጣሪያ ልብስ በመርፌ ቁልፍ መወጠር ለሳምንት ነው። ጣሪያውን አውርዳችሁ፣ የረገፈውን ስፖንጅ ሙልጭ አድርጋችሁ ፍቃችሁ፣ ሙቀት በሚችል ማስቲሽ መለጠፍ አለባችሁ። የደኅንነት ቀበቶውን በለስላሳ ሳሙና እጠቡት፣ በረኪና አይንካው። ከተተለተለ ይቀየር እንጂ አይሰፋ።

አንድ የቤት ጉዳይም አለ። ወንድሞች፣ ለትምህርት ቤት የተቀመጠው ገንዘብ ለሚስት ሳይነገር ለመለዋወጫ ሲወጣ መኪናዋ የትዳር ጠብ ትሆናለች። በሉቃስ 14 ግንብ ሊሠራ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ያሰላል፤ እናንተም አብራችሁ ተቀመጡ። ምን እንደተቀየረ፣ መቼና በስንት ብር፣ በአንድ ደብተር ጻፉ። እኅቶችም መብራት ያዥ ብቻ አትሁኑ። የፊውዝ ሳጥኑ የት እንዳለ ለማወቅ መኪናዋ መንገድ ላይ እስክትቆም አትጠብቁ።

የኤርባግ መሥመር በብዙ መኪኖች ቢጫ ማያያዣ አለው፤ ከመሪው ሥር ካያችሁት እጃችሁን አንሡ። መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተዞረ መኪና ከሆነችም ከዳሽቦርዱ ኋላ ያሉት ገመዶች ተቆርጠው የተቀጠሉ ሊሆኑ ስለሚችሉ በመጽሐፏ ላይ ያለው ሥዕል አይመራችሁም፤ ለኤሌትሪሽያን ስጡ።

የዱቄት እሳት ማጥፊያ ከሾፌሩ እጅ አጠገብ ታስሮ ይቀመጥ፤ ከጆንያ ሥር አይሁን። ጭስ ካያችሁ ሞተሩን አጥፉ፣ መጀመሪያ ልጆቹን አውጡ። ኮፈኑን ወለል አድርጋችሁ አትክፈቱት፤ አየር ሲያገኝ እሳቱ ይበረታል። በጠባቡ ክፍተት ዱቄቱን ንፉበት፤ ካልጠፋ መኪናዋን ትታችሁ ራቁ።