ቶና ከአቦል አይቀድምም፦ ስለ ጂፒዩ የሚወራውና እውነታው

እስራኤል ውስጥ የኢንቴል ፋብሪካ ባለበት ከተማ፣ ካርሜ ጋት ሰፈር ተቀምጦ ስለ ኮምፒውተር ቺፕ አላውቅም ማለት ያሳፍራል። ብዙዎቻችን ኢንቴል የሚሠራ ዘመድ ወይም ጎረቤት አለን፤ ቡና ሲፈላ ወሬው ሳይነሳ አይቀርም። በዚህ በጋ ደግሞ ወሬውን ቤቴ ድረስ ይዞት የመጣው ከሠራዊት የተሰናበተው የእህቴ ልጅ ነው። እናቴ በሱዳን በኩል ስለመጡበት መንገድ ያወሩትን ወደ 40 ሰዓት የሚጠጋ ቅጂ ኮምፒውተር አዳምጦ እንዲጽፍለት ፈልጓል። «ጋሼ፣ ትልቅ ጂፒዩ ያለው የግራፊክስ ካርድ ልገዛ ነው። እዚሁ ከተማችን እየተሠራ በርካሽ አይገኝም?» አለኝ።

አይገኝም። እዚህ ያለው የኢንቴል ፋብሪካ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው ፋብ 28፣ በዋናነት የሚያመርተው ሲፒዩ፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ዋና ፕሮሰሰር ነው። ሰው ሁሉ የሚመኛቸውን የኤንቪዲያ ትልልቅ የሰርቨር ጂፒዩዎች የሚሠራው የታይዋኑ ቲኤስኤምሲ ነው። እንዲያውም ኢንቴል ራሱ በ2022 «አርክ» ብሎ ያወጣቸውን የግራፊክስ ካርዶች ቺፕ ያሠራው እዚያው ቲኤስኤምሲ ዘንድ ነበር። ይህን ስነግረው ሳቀብኝ፤ እኔም መጀመሪያ ስሰማ ስቄያለሁ። ነገር ግን ወሬው ጨርሶ ውሸት አይደለም። አብዛኛው የላፕቶፕ ፕሮሰሰር በሆዱ ትንሽ ጂፒዩ ይዞ ነው የሚወጣው። ለስሌት ግን ጉልበቱ አነስተኛ ነው።

ሁለተኛው ወሬ «ጂፒዩ ማለት ፈጣን ሲፒዩ ነው» የሚለው ነው፤ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣውም ይኸው ነው። አንዱን የጂፒዩ ኮር ነጥለን ብናየው ከሲፒዩ ኮር ይልቅ ዘገምተኛ ነው። ብልጫው በብዛቱ ነው። አርቲኤክስ 4090 የተባለው ካርድ 16,384 ትንንሽ ኮሮች አሉት፤ የተለመደ የቤት ኮምፒውተር ሲፒዩ ከሃያ ምናምን አይበልጥም። ነገሩ ደቦ ነው። ሰፊ ማሳ ሲታጨድ እያንዳንዱ የራሱን ትልም ይዞ ይገባል፤ ማንም ማንንም አይጠብቅም። ቡና ግን በደቦ አይፈላም። መቶ ሰው ቢሰበሰብ ቶና ከአቦል አይቀድምም። የኮምፒውተር መሐንዲሱ ጂን አምዳል በ1967 ይህንኑ በሒሳብ አስቀምጦታል፦ ከሥራው አንድ አሥረኛው የግድ በተራ የሚሠራ ከሆነ፣ የፈለገውን ያህል እጅ ቢጨመር ፍጥነቱ ከአሥር እጥፍ አያልፍም። የምስል፣ የድምፅና የቋንቋ ሞዴሎች በአብዛኛው የቁጥር ሠንጠረዥ ማባዛት ስለሆኑ ለደቦ የተፈጠሩ ናቸው። የሱቅ ሒሳብ የሚይዝ ፕሮግራም ግን ጂፒዩ ቢገጠምለት ምንም አይመስለው።

ካርድ የሚገዛ ሰው ከፍጥነቱ በፊት ሚሞሪውን ይጠይቅ። 4090 ከራሱ ሚሞሪ በሰከንድ ወደ 1,000 ጊጋባይት ያነባል፤ ከኮምፒውተሩ ጋር በሚያገናኘው መሰኪያ በኩል ግን በሰከንድ 32 ጊጋባይት ገደማ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ሞዴሉ ካርዱ ላይ ካልገባና ትርፉ ወደ ውጭ ከፈሰሰ፣ አጫጁ ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይቆማል። ልኩን ለማወቅ የጣት ሒሳብ ይበቃል፦ 7 ቢሊዮን ቁጥር ያለው ሞዴል፣ እያንዳንዱ ቁጥር 2 ባይት ሲይዝ፣ 14 ጊጋባይት ይፈልጋል። ቁጥሮቹ ወደ ግማሽ ባይት ሲጨመቁ 3.5 ይሆናል፤ ከጥራቱ ትንሽ ይጎድላል እንጂ ይሠራል። 12 ጊጋባይት ያለው አርቲኤክስ 3060፣ በጨዋታ ከሚበልጠው ግን 8 ጊጋባይት ብቻ ካለው 3060 ቲአይ የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ ያለው ለዚህ ነው። ሻጮች ይህን አያስቀድሙም።

«ቁም ነገር ያለው ሥራ በክላውድ ብቻ ነው» የሚሉም አሉ። በ2012 የምስል መለየትን ታሪክ የቀየረው አሌክስኔት የተባለ ሞዴል ግን የሠለጠነው 3 ጊጋባይት ሚሞሪ ባላቸው ሁለት የጨዋታ ካርዶች፣ ከሠሪዎቹ አንዱ አሌክስ ክሪዜቭስኪ በወላጆቹ ቤት በነበረው መኝታ ክፍል፣ በአምስትና ስድስት ቀን ውስጥ ነው። መብራት ያራቁተኛል ብሎ የሚፈራም ያስላው፦ 450 ዋት የሚበላ ካርድ አሥር ሰዓት ቢሠራ 4.5 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ እዚህ አገር ወደ ሦስት ሼቅል ገደማ።

ክላውዱም ሰማይ ላይ አይደለም። ጉግል በ2022፣ አማዞን በ2023 እዚሁ እስራኤል ውስጥ የመረጃ ማዕከሎቻቸውን ከፍተዋል፤ ሁሉም ዓይነት ጂፒዩ በሁሉም ማዕከል ይገኛል ማለት ግን አይደለም። ዋናው ነገር ኪራዩ በሰዓት እንጂ በሠራኸው ልክ አለመሆኑ ነው። አንድ ዓርብ ከሰዓት የተከራየሁትን ማሽን ሳላጠፋ ሻማ ተለኮሰ። ሰንበት ለእኔ ገባ እንጂ ለቆጣሪው አልገባም፤ እሑድ ጠዋት ስከፍተው ምንም ላልሠራ ማሽን ከ40 ሰዓት በላይ ተቆጥሮብኝ ነበር። ማሽኑ ቢጠፋ እንኳ ዲስኩ ካልተሰረዘ ኪራዩን መቁጠሩን ይቀጥላል። በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ትልቅ ጉልበት ለሚፈልግ ሰው ግን ከመከራየት የሚሻል የለም።

የእህቴን ልጅ መጀመሪያ ጉግል ኮላብ በተባለው የክላውድ አገልግሎት ላይ በነፃ እንዲሞክር አደረግሁት። ዊስፐር የተባለው፣ ኦፕንኤአይ በ2022 የለቀቀው ድምፅ ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ ሞዴል፣ ትልቁ እንኳ 10 ጊጋባይት ገደማ ሚሞሪ ይበቃዋል። የአንድ ሰዓቱን ቅጂ በደቂቃዎች ውስጥ ጨረሰው። የወጣው ጽሑፍ ግን ፊደሉ የእኛ፣ ቃሉ የማንም አልነበረም። «ካርዱ ደካማ ሆኖ ነው» አለ ወዲያው። አይደለም፤ ትልቅ ካርድ ያንኑ ስህተት በፍጥነት ይጽፈው ነበር። ሞዴሉ ከሠለጠነበት 680,000 ሰዓት ድምፅ ውስጥ የአማርኛው ድርሻ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ያልሰማውን ከየት ያምጣው።

ሞዴሉን አማርኛ ለማስተማር በሰው እጅ የተጻፈ የጥቂት ሰዓት ቅጂ ያስፈልጋል። አሁን የእህቴ ልጅ ማታ ማታ ከአያቱ አጠገብ ተቀምጦ፣ ቅጂውን እያቆመ «እዚህ ጋ ምን አሉ?» እያለ ይጽፋል። እሳቸውም ይመልሱና ቀድሞ ያልተቀዳ ሌላ ነገር ይጨምሩበታል። ካርዱ ገና አልተገዛም።