መጠጥ ማቆም የሚፈልጉ የሚሰበሰቡበት ቤት

«ብቻዬን ሞክሬ አቃተኝ፤ እንደኔ ያሉ ሰዎች የሚገናኙበት ቦታ ይኖር ይሆን?» የሚሉ ከሆነ፣ አዎ፣ አለ። አዲስ አበባ፣ ቀራንዮ ሰፈር ሆነው እንዴት እንደሚፈልጉት፣ ሲገቡ ምን እንደሚገጥምዎትና ምን ያህል እንደሚያስወጣዎት ላስረዳዎት።

በዓለም ላይ በጣም የታወቀው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ይባላል፤ ባጭሩ ኤኤ። «አኖኒመስ» ማለት ስምን ሳይገልጹ ማለት ነው። የጀመሩት በ1935 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ አክረን ከተማ ውስጥ የተገናኙ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ በአክሲዮን ንግድ የሚሠራው ቢል ዊልሰንና የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ቦብ ስሚዝ። ሁለቱም መጠጥ ያሸነፋቸው ነበሩ። አንዱ ለሌላው ሲያወራ ሁለቱም ሳይጠጡ መዋል ቻሉ። ስብሰባው እስከ ዛሬ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

ስብሰባ ከመፈለግዎ በፊት ግን አንድ ነገር ያጣሩ። ጠዋት ሳይቀምሱ እጅዎ ይንቀጠቀጣል? ያልብዎታል? እንግዲያው በአንድ ቀን ቆርጠው አያቁሙ። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚጥል ሕመም ሊነሳበት ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ የሌለ ነገር ማየትና መቃዠት ሊመጣ ይችላል። ይህ ሊገድል ይችላል። በሐኪም ክትትል ከሆነ ግን በማረጋጊያ መድኃኒትና ታያሚን በሚባለው ቫይታሚን በደኅና ይታለፋል።

ስለዚህ መጀመሪያ በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የሚጠጡትን ሳይቀንሱ ይንገሯቸው፤ አረቄውንም ጠላውንም። እነሱ ሪፈር ይጽፉልዎታል። መርካቶ አጠገብ ያለው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሱስንም ያክማል። ጸበል ገብቼ ነው የማቆመው ካሉም መልካም ነው፤ ብቻ ሐኪም አይቶዎት ይግቡ፣ የታዘዘልዎትንም መድኃኒት ይዘው ይሂዱ።

ስብሰባውንስ የት ላግኝ? አዲስ አበባ ውስጥ የኤኤ ስብሰባዎች አሉ፤ ቦታውና ሰዓቱ ስለሚለዋወጥ ግን ጠይቆ መሄድ ይሻላል። የሚያክምዎትን ነርስ ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ይጠይቁ። ኤኤ በኢንተርኔት የሚካሄዱ ስብሰባዎችም አሉት፤ በስልክዎ ይገባሉ። እንግሊዝኛ ለሚሰማ ሰው ይህ ቀላሉ መንገድ ነው።

ሲገቡ ምዝገባ የለም። ወንበሮች ዙሪያ ተደርድረዋል፤ ብዙ ጊዜ ሻይ ወይም ቡና አለ። አንዱ ይነሳና የመጀመሪያ ስሙን ብቻ ተናግሮ «የአልኮል ሱሰኛ ነኝ» ይላል። ከዚያ ስለ ራሱ ያወራል። ማንም አያቋርጠውም፣ ማንም አይመክረውም፣ ማንም አይገሥጸውም። ተራው እርስዎ ጋር ሲደርስ «ዛሬ ላዳምጥ» ማለት ይበቃል። አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

እየቆዩ ሲሄዱ ስፖንሰር ይመርጣሉ። ስፖንሰር ማለት ገንዘብ የሚሰጥ ሳይሆን፣ ቀድሞዎት ያቆመና ጥማቱ ሲነሳብዎት የሚደውሉለት ሰው ነው። ለእኔ ትልቁ ጥቅም ይኸ ነው። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ሐኪም አያገኙም፤ እሱን ግን ያገኙታል።

«የእድሬ ሰው ቢያየኝስ?» ሰፈራችን የሚተዋወቅ ሰፈር ነውና ጥያቄው እውነት ነው። እዚያ የተሰማ እዚያው ይቀራል፤ ደንቡ ነው። ያየዎትም ሰው የመጣው ለዚያው ጉዳይ ነው። ከከበደዎት ግን ራቅ ወዳለ ሰፈር ይሂዱ፤ ከጦር ኃይሎች ባቡር ይዘው ወደ ምሥራቅ መሄድ ይቻላል።

ሃይማኖትስ? ኤኤ «ከራሳችን የሚበልጥ ኃይል» ይላል እንጂ የማንም እምነት ተቋም አይደለም። ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ፕሮቴስታንቱም በየራሱ ይረዳዋል።

ወጪው እንግዲህ። መግቢያ የለም፣ ወርኃዊ ክፍያ የለም። መጨረሻ ላይ ሣጥን ይዞራል፤ ያለው ይጥላል፣ የሌለው ያሳልፋል። ገንዘቡ ለቤት ኪራይና ለሻይ ይውላል። ኤኤ ከአባላቱ ውጭ ካለ ሰው እርዳታ አይቀበልም። የእርስዎ ወጪ የደርሶ መልስ ታክሲ ወይም የኢንተርኔት ጥቅል ነው። ለሕክምናው የካርድና የመድኃኒት ይጨመራል፤ የጤና መድን ካለዎት መታወቂያውን አይርሱ።

ይሠራል? በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ የኮክሬን ግምገማ 27 ጥናቶችን መርምሮ፣ ወደ ኤኤ የሚያስገቡ ሕክምናዎች ሰውን ከመጠጥ ሙሉ በሙሉ በማራቅ ከሌሎች የታወቁ ሕክምናዎች የተሻሉ ሆነው አግኝቷቸዋል። ጥቅሙ ግን ለሚመላለስ ነው። አንድ ቀን ከቀመሱም ተመልሰው ይሂዱ፤ የሚያባርርዎት የለም።

ሰርግና ተዝካር ላይ «ቅመስልኝ እንጂ» የሚል ዘመድ አይጠፋም። «ሐኪም ከልክሎኛል» ይበሉት፤ እውነትም ነው። ያልፈላ ብርዝ ካለ ብርጭቆዎን ቀድመው ያስሞሉ። ባዶ እጅ ነው ልመና የሚበዛበት።

ለትዳር ጓደኛና ለቤተሰብም አል-አኖን የሚባል አለ፤ የቢል ባለቤት ሎይስ ዊልሰን ከሌሎች ጋር በ1951 እ.ኤ.አ. ያቋቋመችው ነው።

አቅራቢያዎ ምንም ከሌለስ? በኤኤ ልማድ ማቆም የሚፈልጉ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ከተገናኙ ቡድን ናቸው። ፈቃጅ አለቃ የለም። ጸጥ ያለ ክፍል ይለምኑ፣ አንድ ቀንና አንድ ሰዓት ይቁረጡ፣ ሰው ቢመጣም ባይመጣም በዚያ ሰዓት በሩን ይክፈቱ። ክፍሉን በነጻ ቢሰጡዎትም ከሣጥኑ ትንሽ ኪራይ ይክፈሉ።