አዋጅ ከጅራቱ ነው የሚነበበው

ኅዳር 2012። የአራተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነኝ፤ በነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላችን ተራዬ ደርሶ ቁጭ ብያለሁ። ፍርድ ቤት ግቢ ውስጥ ያለች ጠባብ ቢሮ ናት፤ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። ሰባተኛ ወሯን የያዘች ሴት ገባች። የዱቄት ፋብሪካ ሠራተኛ ነች። የወሊድ ፈቃዷ ስንት ቀን እንደሆነ ማወቅ ብቻ ነው የፈለገችው።

ቀላል ጥያቄ! ከሲኒየር የወረስኩትን፣ ጠርዙ በፕላስተር የተያያዘ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ፎቶ ኮፒ ገለጥኩና በልበ ሙሉነት ነገርኳት፦ ከመውለድዎ በፊት 30 ቀን፣ ከወለዱ በኋላ 60 ቀን። በጣቷ ቆጠረች። «በሁለት ወሩ ትቼው ልግባ?» አለች። መልስ አልነበረኝም። አመስግናኝ ወጣች።

ጎን ያለው ጠረጴዛ ላይ ፋይል የሚያገላብጡት መምህራችን ቀና እንኳ ሳይሉ «የያዝከው ቁጥሩ ስንት ነው?» አሉኝ።

«377/96፣ መምህር።»

«እሱማ ከሞተ ሦስት ወሩ።»

ሴትዮዋን ሮጬ የግቢው በር ላይ ደረስኩባት። በ2011 መጨረሻ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ ያለውን ፈቃድ 90 ቀን አድርጎት ነበር። እኔ በራሴ ሥልጣን 30 ቀን ልቀንስባት ነበር።

ይህን ያነሳሁት «ሪሰርች ከየት ልጀምር?» እያላችሁ በውስጥ መስመር ስለምትጠይቁኝ ነው። ሕግ ማግኘት ዛሬ ችግር አይደለም። የሁላችሁም ስልክ ውስጥ ያልተከፈተ የፒዲኤፍ ክምር አለ። ከባዱ፣ ያገኛችሁት ሕግ ዛሬም የሚሠራ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ለዚህ እኔ የያዝኩት ልማድ አንድ ነው፦ አዋጅ ስከፍት መጀመሪያ የምሄደው ወደ መጨረሻዎቹ አንቀጾች ነው። የተሻሩ ሕጎች፣ የመሸጋገሪያ ድንጋጌዎች፣ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ። መምህራን ሰዓት ሲያልቅባቸው የሚዘሏቸው እነዚህን ነው።

የንግድ ሕጉን እንይ። በ2013 አዲሱ የንግድ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 1243 ሲወጣ «የ1952ቱ ሞተ» ተባለ። አንድ የክፍል ጓደኛዬ አሮጌውን መጽሐፍ እዚያው ሳምንት ለሱቅ መጠቅለያ ሰጠው። የአዲሱን ጅራት ያነበበ ግን የተሻሩት መጽሐፍ አንድ፣ ሁለትና አምስት ብቻ መሆናቸውን ያያል። ኢንሹራንስና ማጓጓዝ፣ የሐዋላ ሰነዶችና የባንክ ሥራዎች ዛሬም የሚገዙት በ1952ቱ ነው። ጓደኛዬ ለኢንሹራንስ ፈተና መጽሐፉን እንደገና ኮፒ አስደረገ።

ችግሩ፣ አዲስ ሕግ የገደለውን ይናገራል እንጂ የተገደለው በራሱ ገጽ ላይ መርዶውን አይጽፍም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዛል። መጽሐፉን ብቻ የያዘ ተማሪ እዚያው ያቆማል። አዋጅ ቁጥር 639/2001 ግን ባንክና ማይክሮፋይናንስ ለሚሰጡት ብድር የሚያዝ የማይንቀሳቀስ ንብረት መያዣ ውል በዚህ መንገድ እንዲመዘገብ አያስገድድም ብሎ ለይቶታል። ስለዚህ ወደ ኋላ ብቻ ሳይሆን ወደ ፊትም ፈልጉ። ሕጉ ከወጣበት ዓመት ጀምሮ እስከ ዛሬ፣ በጉዳዩ ስም፣ «ማሻሻያ» የሚለውን ቃል ጨምራችሁ።

አዲስ ሲወጣም ሁሉም ነገር ለሠራተኛው ሰፋ ማለት አይደለም። በ377/96 የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 14 የሥራ ቀን ሆኖ በየተጨማሪው ዓመት አንድ ቀን ይጨምር ነበር። በ1156/2011 መነሻው 16 ሆነ፣ ጭማሪው ግን በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን። 11 ዓመት የሠራ ሰው በአሮጌው ቀመር 24 ቀን፣ በአዲሱ 21። እስክሪብቶ ይዛችሁ አስሉት፤ በግምት አትጻፉ።

የዓመተ ምሕረት ነገር ደግሞ አለ። 1156/2011 እና 1156/2019 አንድ አዋጅ ናቸው፤ አንዱ በእኛ፣ አንዱ በፈረንጅ አቆጣጠር። ሁለቱን እንደ ሁለት ሕግ አነጻጽሮ «ልዩነት አላገኘሁም» ብሎ የደመደመ አሳይመንት በዓይኔ አይቻለሁ። መብራት ጠፍቶበት ይሆናል የጻፈው።

ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ዓይናችን ከነጋሪት ጋዜጣው የቀኝ ዓምድ አይላቀቅም። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 3/1987 ግን ሁለቱ ካልተስማሙ የበላይነቱ የአማርኛው ነው ይላል። ቃል በቃል የምትጠቅሱትን አንቀጽ በሁለቱም አንብቡት። ክልል ላይ የተነሳ ጉዳይ ከሆነም የክልሉን ጋዜጣ ክፈቱ፤ የአማራው ዝክረ ሕግ፣ የኦሮሚያው መገለታ ኦሮሚያ ይባላል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ 213/1992 ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነው፤ ባሕር ዳር ያሉ ባልና ሚስት በዚያ አይፋቱም። መመሪያ ግን ነጋሪት ላይ አትፈልጉ። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ 1183/2012 ከወጣ ወዲህ የፌዴራል ተቋማት መመሪያቸውን ማስመዝገብና በድረ ገጽ ማውጣት ስላለባቸው፣ የምዝገባ ቁጥሩን ጠይቁ።

ወደ ሰበር እንሂድ፤ የብዙዎቻችሁ ቴሲስ የሚንኮታኮተው እዚህ ነው። አዋጅ 454/1997 ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የተሰጠ የሰበር ሰሚ ችሎት የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያለን ፍርድ ቤት ሁሉ እንዲያስገድድ አደረገ፤ ዛሬ ይህን የያዘው 1234/2013 ነው። ችሎቱ የቀድሞ አቋሙን ሲለውጥ ደግሞ ከሰባት ባላነሱ ዳኞች ይሰየማል። ተማሪው ታዲያ ምን ያደርጋል? ቴሌግራም ላይ የተለጠፈችውን ሁለት መስመር ኮፒ አድርጎ «ሰበር ወስኗል» ይላል። (አዎ፣ እኔም እለጥፋለሁ። ያቺ ሁለት መስመር የእኔ አረዳድ ናት እንጂ የችሎቱ ቃል አይደለችም።)

ከችሎቱ ውሳኔዎች ስብስብ ቅጽ 4 ላይ ያለውን የሰበር መዝገብ ቁጥር 21448 አውጡ። የቤት ሽያጭ ውል ነው፤ ችሎቱ 1723ን ጠቅሶ፣ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት ካልተደረገ ረቂቅ እንጂ የሚጸና ውል አይደለም ያለበት። ስታነቡት የዳኞቹን ብዛት ቁጠሩ፣ የተያዘውን ጭብጥ በራሳችሁ ቃል በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፣ የተለየ አሳብ ካለ አትዝለሉት። ከዚያ በኋላ በኋለኞቹ ቅጾች ማውጫ «1723»ን ፈልጉና የተከተሉትን ውሳኔዎች አንድ በአንድ አነጻጽሩ። አሰልቺ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበላል። ከዚያ ያነሰ ሠርቶ «ምርምር አድርጌያለሁ» የሚልን ተማሪ አላምነውም።

ሐተታ ዘምክንያትንም አትርሱ። አንቀጹ ሲያሻማችሁ ሕግ አውጪው ምን አስቦ እንደነበር የሚነግራችሁ እሱ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሐተታ ዘምክንያት ከብዙ የመማሪያ ጽሑፍ ይሻላል።

ባለፈው ወር ደግሞ አንድ ተለማማጅ ከሰው ሠራሽ አስተውሎት የተቀበለውን የሰበር መዝገብ ቁጥር የውርስ አቤቱታ ላይ ሊያስገባልኝ ነበር። ቁጥሩ ያምራል፣ ቀኑም ወሩም ተጽፏል። ቅጹን ስንገልጥ ጉዳዩ ስለ ውርስ ሳይሆን ስለ መኪና ግጭት ሆኖ ተገኘ። መሣሪያው ቃል ለመጠቆም ይረዳችሁ ይሆናል፤ መዝገቡን በዓይናችሁ ሳታዩ ግን ቁጥሩን አትጥቀሱ።

ቅጾቹን «ላክልን» ለምትሉኝ፦ በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረ ገጽ ላይ በነፃ አሉ፤ ከእኔ ሳይሆን ከዚያ አውርዱ። እዚህ ቻናል ላይ የተሻረ ሕግ ለጥፌ ያገኘ ካለም የሻረውን አዋጅ ቁጥር ይጻፍልኝ። አነሳዋለሁ።