ልጆቻችን እጃችንን ያያሉ

ዛሬ አንድ ጥያቄ ላንሳ፦ ሥራን ማን አስተማራችሁ? ብዙዎቻችን የተማርነው አባትና እናታችንን እያየን ነው፤ አይደል?

እስቲ ትክል ድንጋይ አካባቢ ያለውን ገበሬ አስቡ። ልጁ እርፍ ከመጨበጡ በፊት ከጥማዱ ኋላ ይሄዳል። አባቱ ሳይነጋ እንደሚጠምድ ወይም ፀሐይ እስኪሞቅ እንደሚተኛ ያያል። በገበያ ቀን እናቱ እህል ስትሰፍር ሞልታ እንደሆነ፣ ወይስ ጥሩውን ከላይ፣ እንክርዳዱን ከሥር አድርጋ እንደሆነ ያያል። ማታ በጸሎት ሰዓት «እውነተኛ ሁን» ብንለው፣ እሱ ስብከቱን ቀን ላይ ጨርሶታል!

ጌታችን በዮሐንስ 5፥19 ልጅ አባቱ ሲያደርግ ያየውን እንደሚያደርግ ተናገረ። ቃሉ ስለ ሰማዩ አባቱ ነው፤ ምሳሌው ግን ለቤታችን ባዕድ አይደለም። የናዝሬት ሰዎችም የጸራቢው ልጅ አሉት፤ ራሱንም ጸራቢ ብለው ጠሩት (ማቴዎስ 13፥55፤ ማርቆስ 6፥3)። ሊንቁት ብለው ነበር፤ ግን ምኑ ያሳፍራል?

በእኛም አገር የእጅ ሥራ ሲናቅ ኖሯል። በጎንደር አጠገብ፣ በወለቃ፣ የቤተ እስራኤል አባቶች ብረት ሲቀጠቅጡ፣ እናቶች ሸክላ ሲሠሩ ልጆች እያዩ ተማሩ። ማረሻውን ከእነሱ የገዛው ሰው ግን መልሶ «ቡዳ» ይላቸው ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ እንዳይሰደብ በአዋጅ ከለከሉ። አዋጅ አፍን ይዘጋል፤ ልብን የሚቀርጸው ግን በቤት የሚታየው ነው። የቋራው ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ መንገድ ሲያሠሩ፣ ንጉሥ ሆነው ሳሉ በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። ሠራዊቱ ትእዛዝ ብቻ አልሰማም፤ የንጉሡንም እጅ አየ። ሐዋርያው ጳውሎስም የመብላት መብት እያለው ሌሊትና ቀን የሠራው ምሳሌ ለመሆን ነው (2ኛ ተሰሎንቄ 3፥7-9)።

ወገኖቼ፣ ልጃችንን «ተማር፤ ያለዚያ እንደኔ አራሽ ሆነህ ትቀራለህ» ስንለው ከፍቅር ነው። እሱ የሚሰማው ግን «የአባቴ ሥራ ቅጣት ነው» የሚለውን ነው። መማሩን እንመኝለት፤ ላባችንን ግን አናዋርድበት።

«እኔ ከአባቴ ያየሁት ስካርና ስንፍና ነው» የምትሉም አላችሁ። አይዟችሁ! 1ኛ ጴጥሮስ 1፥18-19 ከአባቶች ከወረስነው ከንቱ ኑሮ በክርስቶስ ደም እንደተዋጀን ይነግረናል። የአባት ምሳሌ ብርቱ ነው፤ እስራት ግን አይደለም። በእናንተ ቤት አዲስ ምሳሌ ሊጀመር ይችላል።

ነገ ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጡ ልጃችሁን አስከትሉ። መስፈሪያውን ሞልታችሁ ስፈሩ፤ የቀን ሠራተኛውን ሂሳብ ሳይመሽ ክፈሉ። ልጁ ይይ።

ጌታ ሆይ፣ የእጃችንን ሥራ ቀድስልን፤ ልጆቻችን በእኛ ውስጥ አንተን ይዩ። አሜን።