ስለ ካሽ፣ ከማጥፋታችሁ በፊት

አምቦ ውስጥ ኢንተርኔት ቤት ገብቶ «ገጹ እምቢ አለኝ» ላለ ሰው መድኃኒቱ አንድ ነው፦ «ካሹን አጥፋው!» ገጹ ቢንቀራፈፍም፣ ፎቶው ባይታይም፣ ፓስወርድ ቢረሳም፣ ኔትወርክ ቢጠፋም ምክሩ ያው ነው። ባላጠፋው የሚከሰስ ነገር ስለሆነ ዛሬ ጠበቃ ልቆምለት ነው።

ካሽ ማለት ብሮውዘር ከከፈትነው ገጽ ያወረዳቸውን ምስሎች፣ የፊደል ቅርጾችና ኮዶች እዚያው ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ ላይ የሚያቆይበት ቦታ ነው። ወደ ገጹ ስንመለስ ከሩቅ ከማምጣት ከጎኑ ያነሣል። ይኸው ነው።

ዳታ በሜጋባይት ለሚገዛ ሰው ግን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የአንድ ገጽ ክብደት በአብዛኛው ጽሑፉ ሳይሆን አርማው፣ ፎቶውና ኮዱ ነው፤ እነሱ ደግሞ ዛሬም ነገም ያው ናቸው። ካሹን በየቀኑ የሚያጠፋ ሰው ጎተራው ሞልቶ ሳለ ከጊንጪ ገበያ ጤፍ የሚሸምት ነው። «ስልኬ እንዲፈጥን» የሚሉ አሉ፤ ካጠፉ በኋላ ገጹ መጀመሪያ ሲከፈት የሚዘገየው ለምን ይመስላቸዋል? «ስልኬ ሞላ» የሚሉትም ብሮውዘሩን ከመክሰሳቸው በፊት ቴሌግራም ያጠራቀመውን ቪዲዮ ይዩ።

«ያረጀ ነገር እያሳየኝ ቢሆንስ?» የሚለው ጥያቄ ግን ተገቢ ነው፤ እኔንም ካሽን ያስወደደኝ መልሱ ነው። ሰርቨር ፋይል ሲልክ ሁለት ነገር ሊያያይዝ ይችላል። አንደኛው የጊዜ ገደብ ነው፤ በሰከንድ ይቆጠራል። 86400 ካለ ብሮውዘሩ ያንን ፋይል ቀኑን ሙሉ ማንንም ሳይጠይቅ ይሠራበታል። ሁለተኛው ኢታግ የሚባል የፋይሉ መለያ ነው። ገደቡ ሲያልፍ ብሮውዘሩ ፋይሉን አሽቀንጥሮ አይጥልም፤ መለያውን ይዞ «እኔ ዘንድ ያለው ይኼ ነው፤ ተለውጧል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ካልተለወጠ ሰርቨሩ 304 ብሎ ብቻ ይመልስለታል። ፎቶው 300 ኪሎባይት ቢሆን እንኳ በመስመሩ የሚያልፈው ይህች አጭር መልስ ናት። ከተለወጠ 200 ብሎ አዲሱን ይልካል። ኢታግ የመጣው ብሮውዘርና ሰርቨር ከሚነጋገሩበት ደንብ፣ ከኤችቲቲፒ 1.1 ጋር ነው፤ የዚህ ደንብ የመጀመሪያ ቅጂ የወጣው በ1997 እ.ኤ.አ. ሲሆን አገራችንም ለሕዝብ ኢንተርኔት የጀመረችው በዚያው ዓመት ነበር። ያኔ ኢንተርኔት በስልክ መስመር እየተንፏቀቀ የሚመጣ ስለነበር ባይት መቆጠብ የሁሉም ጭንቀት ነበር። ጉደር ወይም ባኮ ላይ ኔትወርኩ ሲደክም የምትጠቅመን ያቺው ቁጠባ ናት።

ካሽ ሲጠፋ መለያውም አብሮ ይጠፋል። ብሮውዘሩ የሚጠይቅበት ነገር ስለማይኖረው ሁሉንም ከባዶ ያስልካል።

ይህን የ12ኛ ክፍል ውጤት በሚወጣበት ቀን አስቡት። በእንዲህ ያለ ቀን አምቦ ላይ ከአንድ ተማሪ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ገጹ በተንጠለጠለ ቁጥር ካሹን ያጠፋል፣ ቁጥሩን እንደገና ይጽፋል። ለምን ስለው «ጋሼ፣ ካላጠፋሁት አዲሱ አይመጣልኝም» አለኝ። ውጤቱ እኮ ካሽ ውስጥ የለም! ቁጥሩ ሲገባ በዚያው ቅጽበት ከመረጃ ቋት ተፈልጎ የሚወጣ ነው። ካሽ ውስጥ ያለው አርማውና የገጹ ማስዋቢያ ነው፤ ልጁ እነሱን በየሙከራው ከተጨናነቀው ሰርቨር እንደገና እያስላከ የራሱንም የሌላውንም ወረፋ ያስረዝም ነበር።

እርግጥ ማጥፋት የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ድረ ገጹ ታድሶ የገጹ መልክ ከተዘበራረቀ ወይም «ላክ» የሚለው ቁልፍ አልሠራ ካለ፣ አሮጌው ኮድ ከአዲሱ ጋር ተጋጭቶ ሊሆን ይችላል። ያኔም ኮምፒውተር ላይ መጀመሪያ ኮንትሮል ይዛችሁ ኤፍ5 ተጫኑ፤ ያን ገጽ ብቻ ካሹን ዘልሎ ያመጣዋል። እምቢ ካለ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ዲሊት። ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ የካሹን ብቻ ምረጡ። መግባታችንን የሚያስታውሰውን ኩኪም አብሮ የጠረገ ሰው ከገባበት ድረ ገጽ ሁሉ ይወጣል፤ ከዚያ ፓስወርዱ ሲጠፋው ካሽን ይረግማል።

ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ነገሩ ይገለበጣል። ሰው ካሹን አጥፍቶ ተረጋግቶ ይወጣል፤ ኢሜይሉን ክፍት የሚያቆየው ግን ኩኪ ነው። ሎግ አውት አድርጉ፣ አለበለዚያ ከመጀመሪያው በኢንኮግኒቶ ክፈቱና ስትጨርሱ መስኮቱን ዝጉ። ያወረዳችሁትን ፋይል ግን ይኼም አያጠፋላችሁም። ፍላሽ ላይ የምገለብጠው ኖሮኝ ዳውንሎድስ የሚለውን ፎልደር ስከፍት የማላውቃቸው ሰዎች ዲፕሎማ፣ የቀበሌ መታወቂያና የሥራ ማመልከቻ ተደርድሮ አገኛለሁ። ከመነሣታችሁ በፊት ፋይሉን ሰርዙ፤ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አድርጉት።